ቀስ በይ፣ ትሰማለች

«ቤት ውስጥ ብሞት ይሻለኛል፤ እሷ እጅ ላይስ አልወልድም» አለች ሚጢ።

«ቀስ በይ፣ ትሰማለች» አላት ወንድሟ፣ የሲስተር ባል።

ሲስተር ሰምታለች። ኮሪደሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የግራ ጫማዋን ማሰሪያ እየሳበች ነበር፤ ክሩ በጣቷ እንደተጠመጠመ እጇ ባለበት ቀረ። ወጥ ቤቱን ከኮሪደሩ የሚለየው ስስ ችፑድ ነው፤ እንኳን የሰው ድምፅ ማንኪያ ከብርጭቆ ሲነካካ ይሰማል። ሚጢ ለወጉ ያህል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጸጉር ሠሪዋ የነገረችኝን ነግሬሃለሁ አይደል? ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት እኮ» አለች። ሲስተር የባሏን መልስ ጠበቀች። «ምን አጠፋች?» ይላል ብላ ጠበቀች። «ስለ ሚስቴ እንዲህ አትናገሪ» ይላል ብላ ጠበቀች። ባሏ ሻዩን ፉት አለና ዳቦ ቆረሰ። የዳቦው ቅርፊት ሲሰበር ሰማችው፤ ከዚያ ሌላ የሰማችው ነገር የለም።

ሲስተር አዋላጅ ነርስ ናት። ሃያ አንድ ዓመት በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ማዋለጃ ክፍል ሠርታለች፤ ሰፈሩም ዘመዱም «ሲስተር» ነው የሚላት፤ ባሏ እንኳ የቤት ስሟን የሚያስታውሰው ሲኮራረፉ ነው። ሚጢ ደግሞ የባሏ ታናሽ እህት ናት። ከስድስት ልጆች የመጨረሻዋ ስለነበረች ሚጢ ተብላ ቀረች፤ አሁን ያንን ዘጠነኛ ወሩን የያዘ ሆድ ተሸክማ በጠባቡ ኮሪደር ስታልፍ ስሟ ራሱ ቀልድ ሆኗል። የሚጢ ባል የረጅም መንገድ ከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ሁለቴ ብቅ ቢል ነው። ስለዚህ ከአምስተኛ ወሯ ጀምሮ ሩቅ ከተማ በሚማረው በሲስተር ልጅ ክፍል ትተኛለች። እዚህ እንድትመጣ ያለችው ራሷ ሲስተር ናት። ለጎረቤት ሁሉ «ሚጢን የማዋልዳት እኔ ነኝ» ብላ አውርታለች። የእርግዝና ክትትል ካርድ እናውጣ ባለቻት ቁጥር ግን ሚጢ «ነገ እትዬ»፣ «ሰኞ እትዬ» እያለች ይኸው ዛሬ ደርሳለች።

ጫማዋን አሰረችና ሳል አለች። ወጥ ቤት ስትገባ ሁለቱም ስለ ዳቦ ያወሩ ጀመር። የዛሬው ዳቦ አነሰ፤ ዋጋው ያው ሆኖ ከትናንቱ በእጅጉ ያንሳል። ሲስተርም አዎ አንሷል አለች። ቆማ ሻይ ጠጣች፤ ከንፈሯን ፈጃት። ከዚያ እንደየቀኑ «እስኪ ጎረምሳው እንዴት አደረ» ብላ እጇን ወደ ሚጢ ሆድ ዘረጋች። ሚጢ ብድግ አለችና ንጹሕ የነበረ ብርጭቆ አንስታ ማለቅለቅ ያዘች። የሲስተር እጅ አየር ላይ ቀረ። ባሏ አየ፤ አይቶም ወደ መስኮቱ ዞረ። «መሸብኝ» አለች ሲስተር፤ ጠዋት መሆኑ ትዝ ያላት በሩን ከዘጋችው በኋላ ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ሄደች። ወንበር ተገኝቶላት ነበር፤ መቀመጥ አልቻለችም። ጸጉር ሠሪዋ ማን ናት? ሚጢ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጸጉሯን የምትሠራው ከሆስፒታሉ ሁለት ፌርማታ ወዲህ፣ ከፋርማሲው ጎን ባለችው ትንሽ ቤት ነው። ሲስተር እዚያ ቤት ገብታ አታውቅም። ታዲያ ያቺ ሴትዮ ከየት አውቃት ነው ስሟን የምታነሳው? ተመቅኝታ ይሆናል። ሰው ነገር ይወዳል፤ ወንበር ላይ ሰው አስቀምጦ ዝም ብሎ ጸጉር መጠቅለል ይከብዳል። እንዲህ እያለች ራሷን ልታረጋጋ ስትሞክር አንዲት ወፍራም ሴት ከኋላ ወንበር «ሲስተር! ሲስተር አይደለሽም?» ብላ ጮኸች። «ልጄን እኮ ነው ያዋለድሽኝ! ሰባተኛ ክፍል ገባች፣ ከክፍሏ አንደኛ ወጣችልሽ!» ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየ። ሲስተር ፈገግ አለች፤ እንዲህ ያለው ነገር በሳምንት አንዴ አይቀርም፣ ሁልጊዜም ደስ ይላታል። ሴትዮዋ ጉንጯን ይዛ፣ «ያኔ ያቀመስሽኝ ጥፊ እስካሁን ይጮኽብኛል!» አለችና ከት ብላ ሳቀች። ተሳፋሪውም ሳቀ። ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ። ትናንት ቢሆን ሲስተር ከሁሉም በላይ ትስቅ ነበር። ዛሬ የሴትዮዋን ዓይን ልታይ ሞከረች፤ ዓይኗ ይስቅ እንደሆነ ለማየት። አውቶቡሱ ቆመና በመሐል ሰው ገባ።

ማዋለጃ ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው። በየአልጋው መሐል ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ አረንጓዴ መጋረጃ አለ፤ ቀለበቶቹ ስለተበጣጠሱ ከግማሽ በላይ አይዘጋም። መስኮቱ ወደ ልብስ ማጠቢያው ነው የሚያየው፤ ቀኑን ሙሉ የእንፋሎትና የበረኪና ሽታ ይገባል። የዛሬው ፈረቃ ሁለት አዋላጅ፣ አምስት ተለማማጅ ተማሪ፣ ዘጠኝ ወላድ ነው፤ ሦስቱ ኮሪደር ላይ ቆመው ያምጣሉ። ሁለተኛዋ አዋላጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለቀዶ ሕክምና ተጠራችና ሲስተር ብቻዋን ቀረች። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሴቶቹ እዚህ ስም የላቸውም፤ አልጋ አንድ፣ አልጋ ሁለት ይባላሉ። አልጋ አራት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያዋ ነው፤ ቀጫጫ፣ ጸጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ የተለጠፈ፣ «እናቴን፣ እናቴን ጥሩልኝ» የምትል። እናትየዋ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ላይ ናቸው፤ ዘመድ አይገባም። በየሩብ ሰዓቱ ያንኳኳሉ፤ ዘበኛው በየሩብ ሰዓቱ ይመልሳቸዋል።

ሲስተር ከአልጋ አልጋ እየዞረች መረመረች፣ ጻፈች፣ ጓንት ቀየረች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል። ሐሳቧ ግን ችፑዱ ጀርባ ቀርቶ ነበር፤ «ቀስ በይ፣ ትሰማለች»። ቀስ በይ ብቻ! ሃያ ሦስት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ለሚስቱ የሚመልስላት ይህ ነው? አልጋ አራት ድንገት እሪ አለች፤ ጩኸቱ የሲስተርን ሐሳብ በጠሰው፤ ያኔ ሳታስበው፣ በር ሲያንኳኩ «ማነው» እንደሚባለው ያህል ሳታስበው፣ «ደስ ሲልሽ ጮኸሽ ነበር? አሁን ምን ያስጮኽሻል?» አለቻት። ተማሪዎቹ ኪኪኪ አሉ። አንደኛዋ ተማሪ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ልጅቷ ጩኸቷን ዋጠችው፤ የአልጋውን ብረት ያዘችና ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። ሲስተር ይህን አባባል ከማን እንደተማረችው ትዝ አላት። ተማሪ ሳለች አንዲት ያረጀች አዋላጅ ነበረች፤ ያን ጊዜ ሲስተርም ከጓደኞቿ ጋር ኪኪኪ ብላለች። ስንት ጊዜ ብላዋለች ከዚያ ወዲህ? አፏ ውስጥ የሆነ ነገር የመረራት መሰላትና ሄዳ ተጉመጠመጠች።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁለተኛዋ አዋላጅ ስትመለስ ሲስተር ጋዋኗን ሰቀለችና ምሳ ሳትበላ ወጣች። ሁለቱን ፌርማታ በእግሯ ሄደችው። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን አዘጋጀች፤ ስም ማጥፋት ያስጠይቃል ልትላት፣ ሃያ አንድ ዓመት ያገለገልኩ ሰው ነኝ ልትላት፣ ሁለት ጊዜ ተሸልሜያለሁ ልትላት። ጸጉር ቤቱ ሦስት ወንበር፣ አንድ የጸጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ መታጠቢያ አለው። መስታወቱ ላይ ዋጋ ተለጥፏል፤ መታጠብ ሰማንያ፣ ካስክ መቶ ሃምሳ፣ የሕፃን ግማሽ። አንዲት ደንበኛ ቢጎዲን ተጠቅልላ ካስክ ውስጥ ታንቀላፋለች። ጸጉር ሠሪዋ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ፈጣን፣ ጡንቸኛ ሴት ናት። ሲስተር ስትገባ ቀና ብላ አየቻት፤ እጇ ላይ የነበረው ማበጠሪያ ለቅጽበት ቆመ። ሲስተር ግን ሴትዮዋን ፈጽሞ አታውቃትም። የአንድም ነገሯ ትዝታ የላትም።

«ልታጠቢ ነው?» አለቻት ጸጉር ሠሪዋ። ሲስተር ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባትና «አዎ» አለች።

አንገቷን መታጠቢያው ላይ አጋደመች። ውኃው ለብ ያለ ነው። ሴትዮዋ በመዳፏ ውኃውን እየለካች፣ ጆሮዋ ውስጥ እንዳይገባ በአንድ እጇ እየከለለች ታጥባት ጀመር። ሲስተር ጣሪያውን አየች፤ አንድ የረጠበ ቦታ የአሮጌ ካርታ ይመስላል። ከላይ ሆኖ የሚሠራባትን ሰው ፊት ተገልብጣ ማየት እንግዳ ሆነባት። ከዚያ ሴትዮዋ «አላወቅሽኝም» አለች፤ ጥያቄ አልነበረም። «የሚጢ ወንድም ሚስት ነሽ። እሷ ፎቶሽን ስታሳየኝ ነው ያወቅኩት። ክረምት ነበር፣ ሁለት ዓመቱ። አልጋ ስድስት።»

«ሰው ብዙ ነው» አለች ሲስተር። «አራት ሴት ባንድ ጊዜ...»

«አውቃለሁ። ብቻሽን ነበርሽ፣ ላብሽ ያንጠባጥብ ነበር። የልጄ እትብት አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ ፈትተሽ አወጣሽልኝ። እሱን አልክድም። ለሰውም ስናገር ይህን አስቀድሜ ነው የምናገረው።» ሻምፖውን ጨመረችና ጣቶቿን ወደ ጸጉሯ አስገባች። ጣቶቿ አይቸኩሉም።

ሲስተር ብርታት አገኘች። «እንግዲያስ ታውቂዋለሽ! ያን ጊዜ ጠበቅ ካላደረግንሽ ልጁ ይታፈን ነበር። ክፉ ሆነን መሰለሽ? ለልጁ ነው እኮ።»

«ልጁ ወጥቶ አልቅሶ ነበር» አለች ጸጉር ሠሪዋ። «ተማሪዋ ታቅፋው መስኮቱ ጋ ቆማለች። የመታሽኝ ስትሰፊኝ ነው። ማደንዘዣ የለም አልሽ። መርፌው ሲገባ እግሬን ገጠምኩት፤ ያኔ ጭኔን ሁለቴ። ‹ሲገባ አላመመሽም› አልሽኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ ስምንት ነበሩ፤ ቆጠርኳቸው፤ የምቆጥረው ነገር ፈልጌ ነው። ሰፍተሽ ስትጨርሺ ሄድሽ። እንደተገለጥኩ፣ በደሜ እንደተነከርኩ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። መጨረሻ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ጋዋኗን አውልቃ አለበሰችኝ።»

ካስኩ ጮኸና ቆመ። ደንበኛዋ ነቃች። ሴትዮዋ እንደገና ካስኩን አስነሳችላትና ተመለሰች።

«ለሰው ስነግር ‹ልጅሽ በሰላም ወጣልሽ አይደል› ይሉኛል» አለች። «ወጣልኝ። ባሌ ሁለተኛ እንውለድ ይላል። እሺ እለዋለሁ፤ ኪኒኑን ደግሞ እዚያ የጸጉር ቅባቱ ጀርባ እደብቀዋለሁ። አንቺ ሺህ ሴት አዋልደሻል፤ አልጋ ስድስትን ከየት ታስታውሻታለሽ? እኔ ግን የወለድኩት አንድ ቀን ነው።»

ሲስተር ቀና ብላ ተቀመጠች። ውኃው ከጸጉሯ በአንገቷ በኩል ወደ ጀርባዋ ወረደ። «ይቅርታ» ልትል ነበር። በምትኩ «ማደንዘዣው በእውነት አልነበረም ይሆናል» አለች። ስትለው ራሷም አፈረች። ጸጉር ሠሪዋ ፎጣ ሰጠቻት። «ይሆናል» አለች። «ካስክ ትገቢያለሽ?» ሲስተር ራሷን በእምቢታ ነቀነቀችና መቶ አውጥታ አስቀምጣ፣ ጸጉሯን እንዳረጠበች በሻርፕ ጠቅልላ ወጣች። ሴትዮዋ በሩ ድረስ ተከትላት መጥታ መልሷን አስጨበጠቻት፤ ሃያ፣ በትክክል።

ስትመለስ አልጋ አራት ደርሳ ነበር። የሕፃኑ ራስ ብቅ ይልና ይመለሳል። ሁለተኛዋ አዋላጅ አልጋ ሁለት ላይ ናት። ሲስተር ጓንት አጥልቃ ልጅቷ እግር ሥር ቆመች። «ግፊ» አለች፤ ልጅቷ ገፋች፤ ከዚያ ሕመሙ ሲያይል ሁሉም እንደሚያደርጉት ጉልበቷን ገጠመች። የሲስተር ቀኝ እጅ ተነሣ። ምን ሊያደርግ እንደተነሣ እሷም አታውቅም፤ ጉልበቷን ሊከፍት ይሆናል፣ ላቧን ሊጠርግ ይሆናል። ልጅቷ ግን እጁን አየችና ሁለት ክንዷን ፊቷ ላይ አጣምራ ተሸማቀቀች። ምጥ ላይ ያለች ልጅ ሕመሙን ትታ ከሲስተር እጅ ትሸሽ ጀመር። ይህን ያህል ዘመን ስትሠራ እንዲህ የተሸማቀቀ ሰው አይታ አታውቅም፤ ወይም አይታ አላየችውም።

ለተማሪዋ፣ ጠዋት ላልሳቀችው፣ «እናትየዋን አስገቢ» አለቻት።

«ሲስተር፣ ዘመድ እኮ...»

«አስገቢ አልኩሽ።»

እናትየዋ ገቡ። ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ ጣታቸው ቢጫ ነው፤ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ፣ መግባታቸውን ሳያምኑ ገቡ። ልጅቷ «እናቴ!» ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ሲስተር ደግ ነገር የሠራች መሰላት፤ ልቧ ቀለል አለ። ይሁንና አንድ ምጥ እንዳለፈ ልጅቷ እንደገና እግሯን ስትገጥም እናትየዋ ደነገጡ፤ ደንግጠውም «አታሳፍሪኝ! አንቺ ልጅ አታሳፍሪኝ!» ብለው ትከሻዋን መቷት። ከዚያ ወደ ሲስተር ዞረው በልመና ዓይን «ምቺልኝ የኔ እመቤት» አሉ። «አትፍሪ፣ ምቺልኝ። እኔንም መትተው ነው ያዋለዱኝ። ካልተመታች አትገፋም።»

ተማሪዎቹ እጇን ያያሉ። «አልመታትም እማማ» አለች ሲስተር፤ ድምፅዋ ለራሷም ደካማ ሆኖ ተሰማት። «እርስዎም አይምቷት። እጇን ይያዙላት።» እናትየዋ ግራ ገባቸው፤ ልጃቸውን ለመርዳት እምቢ የተባሉ ያህል ከፋቸው። እጇን ግን ያዙ። ሲስተር ጎንበስ ብላ የልጅቷን ጉልበት በመዳፏ ብቻ ደገፈችው፤ ሳትጫን። «ስምሽ ማነው?» አለቻት። ልጅቷ ነገረቻት። ሲስተር በስሟ እየጠራቻት፣ «አሁን ተንፍሺ፤ አሁን ጠብቂ፤ አሁን» አለቻት። ጊዜ ወሰደ። ሁለቴ ከመቱ በኋላ የሚመጣው ፍጥነት አልመጣም። ሲስተር ሰዓቱን ታያለች፣ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂዋ እኔ ነኝ ትላለች። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። ወዲያው አለቀሰች።

ወላዷን ምጡ ቀዷት ነበር፤ መሰፋት አለባት። የማደንዘዣው ሳጥን ባዶ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ክሩን ታነሣና ትጨርሰው ነበር፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ልጅቷን ሸፈነቻትና «እመጣለሁ» ብላ ወጣች። መድኃኒት ክፍሉ ከታች ፎቅ ነው፤ ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ የለም፤ ካፌ ነው አሏት፤ ካፌ ሄደች፤ ሠራተኛው ማኪያቶውን ጨርሶ፣ ፊርማ ጠይቆ፣ ሁለት ፊርማ ነው የሚያስፈልገው ብሎ፣ በመጨረሻ እንደ ራሱ ገንዘብ እየቆጠረ ሦስት ብልቃጥ ሰጣት። ሃያ አምስት ደቂቃ። ስትመለስ ኮሪደር ላይ ቆማ ስታምጥ የነበረችው ሴት እዚያው መሬት ላይ፣ በሁለት ተማሪ እጅ ወልዳለች። ሕፃኑም እናቲቱም ደኅና ናቸው፤ የክፍሉ ኃላፊ ግን ደኅና አልነበረችም።

«የት ነበርሽ?»

«ማደንዘዣ ላመጣ።»

«ለስንት ስፌት?»

«ለሦስት።»

ኃላፊዋ ሳቅም ቁጣም ባልሆነ ፊት አየቻት። «ሃያ ዓመት ያለ ማደንዘዣ ስትሰፊ ኖረሽ ዛሬ ምን ነካሽ? ሴትዮዋ ሲሚንቶ ላይ ወለደች፣ ሲስተር! ሰኞ ሪፖርት ትጽፊያለሽ።» ኃላፊዋ አልተሳሳተችም። ሲሚንቶ ላይ የወለደችው ሴት ወንበር ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ሲስተር የራሷን ሹራብ አመጣችና ጭኗ ላይ ጣል አደረገችላት፤ ሴትዮዋም ቀና ብላ ሳታያት ተቀበለች።

አልጋ አራትን ሰፋቻት። መርፌ ወግታ፣ ቆይታ፣ ነካ አድርጋ «ያምሻል?» አለቻት።

«አያመኝም» አለች ልጅቷ ቶሎ።

ሲስተር ቀና ብላ አየቻት። የልጅቷ እጅ የአልጋውን ብረት እንደጨበጠ ነው። «እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣም።»

«አያመኝም ሲስተር። እግዜር ይስጥልኝ። አያመኝም።»

ሦስቱንም ስፌት ሰፍታ እስክትጨርስ ልጅቷ ብረቱን አልለቀቀችውም። አመማት ወይስ አላመማትም? ሲስተር ይህን ቤቷ እስክትደርስ ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። አውቶቡሱ ውስጥ አሁንም ቆማ ነበር። ጸጉሯ በሻርፑ ውስጥ ሳይደርቅ ታፍኖ ሸትቷል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ገባች፤ ገና ብርሃን ነው። ባሏ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ የተበላሸ ሶኬት ይፈታል። ሚጢ ሶፋው ላይ የሕፃን ልብስ ታጥፋለች፤ ትንንሾቹን ካልሲዎች ጥንድ ጥንዱን ትጠቀልላለች። «እንዴት ዋልሽ» ተባባሉ። ሲስተር ኮቷን ሳታወልቅ በር አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እንግዳ ሰው እንደሚቀመጠው።

«ጸጉር ቤት ሄጄ ነበር» አለች።

ባሏ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋ። ሚጢ ካልሲውን ጠቅልላ ጨረሰችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «እውነት ነው?» አለች።

«እውነት ነው።»

«ሁሉም?»

«እሷ ካለችሽ ሌላም አለ።» ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «ሰው አነሰ፣ ዕቃ አነሰ እል ነበር። ማነሱ እውነት ነው። ይህ ግን ከሰው ማነስ የመጣ አይደለም።»

ሚጢ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «እኔንስ ትመቺኝ ነበር እትዬ?»

«አንቺን?» ሲስተር ብድግ ልትል ምንም አልቀራትም። «አንቺን እንዴት አድርጌ! አንቺ እኮ የኔ...» አለችና ቆመች። የቀረውን ቃል ሦስቱም ያውቁታል። ማንም አልሞላላትም።

ሚጢ ከጎኗ ቦርሳዋን ሳበችና አንድ ካርድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከድልድዩ ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ማኅተም አለበት። ሲስተር አነበበችው፤ እጇ እንደለመደው መጀመሪያ ደም ግፊቱን፣ ከዚያ ክብደቱን አየች፤ ሁሉም ደኅና ነው። ቀኖቹን አየች። ሦስት ወር። ሁሉም ቅዳሜ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባሏ መለዋወጫ ልግዛ እያለ ይወጣ ነበር።

«አንተ ነህ የምትወስዳት» አለችው።

ባሏ የፈታውን ብሎን መዳፉ ውስጥ አንከባለለ። «እኔ ነኝ።»

«ሦስት ወር ሙሉ! አንድ ቀን እንኳ ‹እውነት ነው ወይ› ብለህ አትጠይቀኝም?»

«ምን እጠይቅሻለሁ?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ራስሽ አይደለሽ የምትነግሪኝ? ራት ላይ። ‹ዛሬ አንዷን እንዲህ አልኳት፣ አንዷን እንዲህ አደረግኳት› እያልሽ ትነግሪኝና እንስቅ ነበር። እኔም አብሬሽ ስስቅ ኖሬ ምን አፍ አለኝ?»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ሰው ድምፅ ሳያሰማ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሲስተርን ራቶቹ ትዝ አሏት፤ ጠረጴዛው፣ ሳቁ፣ ልጃቸው ትንሽ ሳለ እሱም ሳይገባው አብሮ መሳቁ። ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥላት የዋለው፣ «ቀስ በይ» ብቻ ማለቱ፣ አሁን ገባት። ኮቷን አወለቀች። ሻርፗን ፈታች፤ ጸጉሯ ተጣብቋል።

«ነገም ቅዳሜ ነው» አለች። «ተረኛ አይደለሁም። እኔ ልውሰድሽ?»

ሚጢ ወንድሟን አየችው። ወንድሟ ወደ ሶኬቱ አቀረቀረ፤ ይህን እሷው ትወስን ብሎ ነው። ሚጢ የቀረውን ካልሲ አንስታ ጥንዱን ፈለገች፤ ከሶፋው ትራስ ሥር አገኘችው።

«እዚያ ያሉትን አውቃቸዋለሁ ብለሽ እንዳትገቢ» አለች። «ሲስተር ነኝ እንዳትዪ። ውጭ አግዳሚ አለ፣ እሱ ላይ ትቀመጫለሽ። ከጠራሁሽ ትገቢያለሽ።»

«ካልጠራሽኝስ?»

ሚጢ ሁለቱን ካልሲዎች አንዱን በሌላው ውስጥ ጠቀለለቻቸው።

«ካልጠራሁሽ ትጠብቂኛለሽ» አለች።